የምግብ ቧንቧ ደም ስር በላስቲክ ሲታሰር፦ ከዝግጅት እስከ ክትትል ምን ማድረግ አለባችሁ?

የምሠራው ኢንዶስኮፒ ክፍል ውስጥ ነው፤ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ የምግብ ቧንቧና ጨጓራ የሚታይበት ክፍል ነው። ታካሚዎች ከአልጋው ወርደው ጫማቸውን ሲያደርጉ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «ታሰረልኝ አይደል? በቃ አለቀ?» አስታማሚዎቹ ደግሞ በር ላይ ይይዙኛል። «ምን እንስጠው? መቼ እንመልሰው? ደም ቢመጣስ?» በሁለት ደቂቃ የምነግራቸው ነገር ቤት እስኪደርሱ ግማሹ ይረሳል። ስለዚህ ሙሉውን እዚህ ጻፍኩት።

ለመጀመሪያው ጥያቄ አጭሩ መልስ ይኸውና፦ አላለቀም፣ ገና ተጀመረ። ማሰሩ ያበጡት ደም ስሮች እስኪጠፉ ድረስ በየጥቂት ሳምንቱ ይደጋገማል። ከጠፉ በኋላም ክትትል አለው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህችን ያዙ።

መመሪያው የጉበት ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ ተሞልቶ መደደር) ላለባቸውና የምግብ ቧንቧ ደም ስራቸው እንዳይደማ በኢንዶስኮፒ እንዲታሰር ለተወሰነላቸው ሰዎች ነው፤ ለአስታማሚዎቻቸውም ጭምር። አሁን ደም እያስታወከ ያለ ሰው አጠገባችሁ ካለ ግን ማንበቡን ተዉትና በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ምኑ ነው የሚታሰረው?

ከጨጓራ፣ ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመጣው ደም በአንድ ትልቅ ደም ስር ተሰብስቦ ወደ ጉበት ይገባል። ጉበት በጠባሳ ተሞልቶ ሲደድር ደሙ እንደ ልቡ ማለፍ ያቅተዋል። ውሃ ሲገደብ በጎን መንገድ እንደሚያበጅ ሁሉ ደሙም ሌላ መውጫ ይፈልጋል። አንዱ መውጫ በምግብ ቧንቧው ታችኛ ጫፍ ላይ ያሉት ቀጫጭን ደም ስሮች ናቸው። እነሱ ደግሞ ይህን ያህል ግፊት ለመሸከም የተሠሩ አይደሉም። ይወጠራሉ፣ ይጠማዘዛሉ፣ ግድግዳቸው ይሳሳል። ሐኪሞች ቫራይሲስ የሚሏቸው እነዚህን ነው።

ይህ የጉበት ደም ስር ግፊት በጤነኛ ሰው ከ5 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አይበልጥም። 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ደም ስሮቹ ማበጥ ይጀምራሉ። 12 ሲደርስ ደግሞ የመፈንዳት አደጋ ይመጣል። ክንድ ላይ ከሚለካው የደም ግፊት ጋር እንዳታምታቱት። ክንዳችሁ ላይ ያለው ግፊት ዝቅተኛ ሆኖ የጉበቱ ግፊት ከፍተኛ ሊሆን ይችላል። በሲሮሲስ ብዙ ጊዜ የሚታየውም እሱ ነው።

ያበጠ ደም ስር አያምም። አያቃጥልም፣ አያሳክክም፣ ለመዋጥም አያስቸግርም። ብዙ ሰው መኖሩን የሚያውቀው ሲፈነዳ ነው። «ምንም አይሰማኝም» ብሎ መቅረት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የምታዘጋጁት

ዕቃው ብዙ አይደለም፤ ግን ቀድሞ ይዘጋጅ።

• ማስታወሻ ደብተር። የታሰረበት ቀን፣ ስንት ላስቲክ እንደገባና የሚቀጥለው ቀጠሮ ይጻፍበታል።
• የምትወስዷቸው መድኃኒቶች በሙሉ ከነማሸጊያቸው በአንድ ከረጢት። የባህል መድኃኒትና ቫይታሚንም ካለ ይጨመር።
• ያለፈው ኢንዶስኮፒ ሪፖርት።
• የቅርብ ጊዜ የደም ምርመራ ውጤት፦ ሄሞግሎቢን፣ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱት ሴሎች)፣ የደም መርጋት፣ የኩላሊትና የሶዲየም።
• ሴኮንድ የሚቆጥር ሰዓት። ስልክም ይሆናል።
• ቴርሞሜትር፣ ከተገኘም የደም ግፊት መለኪያ።
• ለአንድ ሳምንት የሚሆን ለስላሳ ምግብ።
• በዕለቱ አብሯችሁ የሚመጣና አብሯችሁ የሚያድር አዋቂ ሰው።
• የድንገተኛ ስልክ ቁጥርና የምትሄዱበት ሆስፒታል ስም፣ በወረቀት ተጽፎ ሁሉም በሚያየው ቦታ የተለጠፈ።

ደረጃ 1. ለምን ማሰር እንደተመረጠላችሁ ጠይቁ

ይህን ሳያውቁ የሚመጡ ብዙ ናቸው። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ደግሞ ሁለተኛውን ቀጠሮ የማቋረጥ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ደም ስሩ ደምቶ የማያውቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በመድኃኒት ነው። ካርቬዲሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል ይታዘዛል። ሁለቱም ወደ ጉበት የሚሄደውን ደም በመቀነስ ግፊቱን ያወርዳሉ። ማሰር ደም ስሩን ያጠፋል እንጂ ግፊቱን አይነካም። ይህን ልዩነት ልብ በሉ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ማሰር የሚመጣው ደም ስሩ ትልቅ ሲሆን፣ ማለትም ከ5 ሚሊሜትር ሲበልጥ፣ ወይም ላዩ ላይ ቀይ ነጠብጣብና ቀይ መስመር ሲታይና መድኃኒቱን መውሰድ ካልቻላችሁ ነው። አስም ያለበት፣ የልብ ምቱ በጣም ቀርፋፋ የሆነ ወይም ክንዱ ላይ የሚለካው የደም ግፊት የሚወርድበት ሰው መድኃኒቱ ላይስማማው ይችላል። ቀይ ምልክቱ ግድግዳው መሳሳቱን ያሳያል። ትንንሽ ደም ስሮች ለመከላከል ተብለው አይታሰሩም፤ በመድኃኒትና በክትትል ይያዛሉ።

ደም ስሩ አንዴ ደምቶ ከነበረ ነገሩ ይለያል። ያኔ ማሰሩና መድኃኒቱ አብረው ይሰጣሉ። አንዱ ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱም አንዴ የደማ ሰው እንደገና የመድማት ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

«በመርፌ ይወጋልኝ» የሚሉም አሉ። ደም ስሩን በሚያደርቅ መድኃኒት መውጋት ለመከላከል ተብሎ አይመከርም። ቁስለቱና መጥበቡ ከላስቲኩ ይበልጣል። ጨጓራ ውስጥ ያበጠ ደም ስር ካላችሁ ደግሞ ሕክምናው ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ልዩ ማጣበቂያ በመርፌ ይገባበታል፤ ይህ መመሪያ ለዚያ አይሆንም።

በነገራችን ላይ ሲሮሲስ ያለበት ሁሉ ኢንዶስኮፒ አያስፈልገውም። ሆዱ ውሃ ያልቋጠረ፣ ደም ያልታየበት፣ በፋይብሮስካን የተለካው የጉበት ድድርነት ከ20 ኪሎፓስካል በታች፣ ፕሌትሌቱም ከ150 ሺህ በላይ የሆነ ሰው ትልቅ ቫራይሲስ የመያዝ ዕድሉ በጣም አነስተኛ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ምርመራውን ማቆየት ይቻላል። እናንተ እዚህ ውስጥ ከሆናችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ይዛችሁ የምትገቡት ጥያቄ እነዚህ ሦስቱ ይብቁ፦ ደም ስሩ ምን ያህል ነው? ቀይ ምልክት አለው? ከማሰሩ ጋር መድኃኒት እቀጥላለሁ?

ደረጃ 2. መድኃኒቶቻችሁን አንድ በአንድ አሳዩ

ቢያንስ ከሳምንት በፊት ይሁን። በዋዜማው ከተነገረ ማስተካከያ ጊዜ አይኖርም።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዋርፋሪን፣ የግድ ተናገሩ። በራሳችሁ ግን አታቁሙ። የታዘዘበት ምክንያት ከቫራይሲሱ ያልተናነሰ ከባድ ሊሆን ይችላል። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱም መጠኑ ለጾሙ ሰዓት እንዲስተካከልላችሁ ጠይቁ። ምግብ ሳይኖር ኢንሱሊን እንደተለመደው ከተወጋ ስኳር ይወርዳል።

ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና የመሳሰሉት ማስታገሻዎች ግን ለእናንተ አይሆኑም። ዛሬም፣ ከታሰረ በኋላም። ደም እንዳይረጋ ያደርጋሉ፣ የጨጓራን ሽፋን ያቆስላሉ፣ በሲሮሲስ ደግሞ ኩላሊትን በፍጥነት ይጎዳሉ። ለራስ ምታት ተብሎ ከጎረቤት የተቀበሉት አንድ ፍሬም ይቆጠራል። አስፒሪን ለልብ ታዝዞላችሁ ከሆነ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ።

ስለ ፕሌትሌት ላረጋጋችሁ። «ፕሌትሌቴ ዝቅ ብሏል፣ ማሰር አይቻልም አሉኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። በሲሮሲስ ፕሌትሌት መውረዱና የደም መርጋት ቁጥሩ መዛባቱ የተለመደ ነው። ለመከላከያ ማሰር ተብሎ ቁጥሩን ለማስተካከል ብቻ ፕላዝማ መስጠት በአሁኑ መመሪያ አይደገፍም። ማሰር መቻል አለመቻሉን የሚወስነው የሚያክማችሁ ሐኪም ነው። ቁጥሩን አይታችሁ በራሳችሁ አትቅሩ።

ደረጃ 3. ሆዳችሁን ባዶ አድርጉ

ከቀጠሮው በፊት ላሉት ከ6 እስከ 8 ሰዓታት ምግብ አይበላም። ወተትና ወፍራም ጭማቂም እንደ ምግብ ይቆጠራሉ። ንጹህ ውሃ ብዙ ጊዜ ለቀጠሮው 2 ሰዓት እስኪቀር ድረስ ይፈቀዳል። ክፍላችሁ ሌላ ሰዓት ከነገራችሁ ግን የእነሱን ተከተሉ፤ በተለይ ሆዳችሁ ውሃ የቋጠረ ከሆነ ረዘም ያለ ሰዓት ሊጠይቁ ይችላሉ።

ምክንያቱ ሁለት ነው። ጨጓራ ውስጥ ምግብ ካለ፣ በሚያደነዝዘው መድኃኒት ላይ እያላችሁ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ይህ ከደሙ ባልተናነሰ ይገድላል። ሁለተኛው፣ ምግብ ካሜራውን ይጋርደዋል። ሐኪሙ ያላየውን ማሰር አይችልም፤ ቀጠሮው ይቃጠላል።

የጠዋቱን መድኃኒት የትኛውን መዋጥ እንዳለባችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የሚዋጠውን በአንድ ጉንጭ ውሃ ዋጡት።

ደረጃ 4. በዕለቱ

ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላችሁ አውልቁ። ጥፍር ላይ ቀለም አይኑር፤ ኦክስጅን የሚለካው ጣት ላይ ነውና። አብሯችሁ ያለው ሰው እስኪያልቅ አይሂድ።

ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ ሳትጠየቁም የምትነግሯቸው ሦስት ነገሮች አሉ፦ ከዚህ በፊት በጉበት ሕመም ምክንያት ግራ መጋባት ወይም መፍዘዝ ገጥሟችሁ ያውቅ እንደሆነ፣ ለማንኛውም መድኃኒት አለርጂ እንዳላችሁ፣ ሰሞኑን ጥቁር ሰገራ ታይቶ እንደሆነ። የመጀመሪያው በተለይ ትልቅ ነገር ነው። የታመመ ጉበት የሚያደነዝዘውን መድኃኒት ቶሎ አያጸዳውም። መጠኑ ካልተቀነሰ ሰውየው ለረጅም ሰዓት ተኝቶ ሊቆይ ወይም ግራ ሊጋባ ይችላል።

በግራ ጎን ትተኛላችሁ። ጉሮሮ የሚያደነዝዝ ይረጫል፣ አፍ ላይ የፕላስቲክ መያዣ ይገባል። ኢንዶስኮፑ ጫፍ ላይ ትንሽ ግልጽ ቆብ አለችው፤ ላስቲኮቹ በቆቧ ዙሪያ ተደርድረዋል። ሐኪሙ ያበጠውን ደም ስር ወደ ቆቧ ይስበውና ላስቲኩን ሥሩ ላይ ይለቅበታል። ከረጢት አፉ ሲታሰር ማለት ነው። ሥራው የሚጀምረው ከታች፣ ምግብ ቧንቧው ከጨጓራ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ከዚያ እየተጠመዘዘ ወደ ላይ ይወጣል። ደም ስሮቹ በጣም የሚሳሱት እዚያ ታች ነው። ከላይ ቢጀመር ደግሞ የታሰሩት እብጠቶች ወደ ታች ማለፊያ ይዘጋሉ።

በአንድ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ላስቲክ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የምትረዱት ነገር ቢኖር በአፍንጫ ቀስ ብሎ መተንፈስ ነው። ምራቅ አትዋጡ፤ ወደ ውጭ ይፍሰስ፣ ማንም አይታዘባችሁም።

ስትወጡ ስንት ላስቲክ እንደታሰረ ጠይቃችሁ ደብተሩ ላይ ጻፉ።

ደረጃ 5. የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት

ጉሮሮው እስኪነቃ ድረስ ምንም አይገባም፣ ውሃም ቢሆን። የደነዘዘ ጉሮሮ ትንታን አይከላከልም። መብላትና መጠጣት የምትጀምሩበትን ሰዓት ክፍሉ ይነግራችኋል። ሲፈቀድ መጀመሪያ አንድ ማንኪያ ውሃ ሞክሩ። ካላሳላችሁ ቀጥሉ።

ያን ቀን ፈሳሽ ብቻ ይሁን፤ ቀዝቀዝ ወይም ለብ ያለ። ትኩስ ነገር አይሆንም። መኪና አትንዱ፣ ማሽን አትንኩ፣ ውል አትፈርሙ። ነቅታችሁ ብትመስሉም መድኃኒቱ ገና ደማችሁ ውስጥ ነው።

ደረት ላይ የመጫን ስሜትና ስትውጡ ትንሽ ማመም የሚጠበቅ ነው። ላስቲኩ ሥጋውን ቆንጥጦ ስለያዘ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ወይም 3 ቀን ይቀላል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይፈቀዳል፤ ግን ሲሮሲስ ያለበት ሰው በቀን ከ2 ግራም ማለፍ የለበትም። ባለ 500 ሚሊግራሙ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ፍሬ አይበልጥም ማለት ነው። የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ ያንን አብራችሁ ቁጠሩ።

ደረጃ 6. ከሁለተኛው ቀን እስከ ሁለተኛው ሳምንት

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ሰው ሁሉ የሚፈራው የታሰረበትን ቀን ነው። ይበልጥ መጠንቀቅ ያለባችሁ ግን ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ነው።

የታሰረው ሥጋ ደም አያገኝም፤ ይሞታል። ከ3 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ላስቲኩ ከነሥጋው ይወድቅና ከሰገራ ጋር ይወጣል። አታዩትም፣ አትፈልጉትም። በወደቀበት ቦታ ግን ትንሽ ቁስል ይቀራል። ቁስሉ ለመዳን ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይወስዳል። ላስቲኩ ደም ስሩ በደንብ ሳይዘጋ ቀድሞ ከወደቀ ወይም ቁስሉ ከተቆጣ ይደማል። ይህ አዘውትሮ የሚከሰት ነገር አይደለም። ሲከሰት ግን ብዙ ጊዜ በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው። ታካሚው ደግሞ ያን ጊዜ ሕመሙ ጠፍቶለት፣ «ድኛለሁ» ብሎ ሥጋ መቁረጥና መንገድ መሄድ የጀመረ ነው።

ስለዚህ፦

ምግቡ በደረጃ ይመለስ። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ሳይታኘክ የሚዋጥ ነገር፦ እርጎ፣ የተፈጨ ድንች፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል ተፈጭቶ፣ ሙዝ፣ ቀዝቀዝ ያለ ሾርባ። ቢያንስ ለአንድ ሳምንት እንዲህ ቀጥሉ። የሚጠነክር ዳቦ፣ ጥሬ አትክልት፣ ቆሎ፣ ለውዝ፣ አጥንት ያለው ሥጋ፣ የሚያቃጥል ነገር ይቆይ። የሚቧጭረው ላስቲኩን ሊነቅለው፣ ቁስሉን ሊቀደው ይችላል።

ለስላሳ ማለት ግን ትንሽ ማለት አይደለም። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ጡንቻው ቶሎ ይሟሽሻል። ፕሮቲን አትከልክሉት። ትንሽ ትንሽ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ብሉ፤ ከመኝታ በፊትም አንድ ነገር ቅመሱ። ሆድ ውሃ የቋጠረ ከሆነ ጨው ይቀነስ።

አሲድ ቀናሽ ከታዘዘ ጨርሱት። ኦሜፕራዞል ወይም የእሱ ዓይነት ለጥቂት ሳምንት ይሰጣል። አሲዱ ቁስሉ ላይ እንዳይረጭ ነው። ከታዘዘው ጊዜ በላይ ግን በራሳችሁ አታርዝሙት፤ በሲሮሲስ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል።

ሰገራ አይድረቅ። ላክቱሎስ (ሰገራ የሚያለሰልሰው ሽሮፕ) የምትወስዱ ከሆነና በጾም ምክንያት ካቋረጣችሁት መልሳችሁ ጀምሩት። በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ለስላሳ ሰገራ ይጠበቃል። ድርቀት ለጉበት ሕመምተኛ ግራ መጋባትን ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ነው።

ሰገራችሁን በየቀኑ እዩት። ደስ አይልም፤ ግን ደም የሚታወቀው መጀመሪያ እዚያ ነው። የብረት እንክብል የምትወስዱ ከሆነ ሰገራችሁ ይጠቁራል። የደም ሰገራ ግን ጥቁረቱ እንደ ሬንጅ ነው፤ ይጣበቃል፣ ጠረኑም ያስታውቃል። ካልለየላችሁ ደም ነው ብላችሁ ሂዱ።

ደረጃ 7. የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳትይዙ ከክፍሉ አትውጡ

ማሰሩ የሚደገመው ደም ስሮቹ እስኪጠፉ ድረስ ነው። ደምቶ ለማያውቅ ሰው ብዙውን ጊዜ በየ2 እስከ 8 ሳምንት፣ ደምቶ ለሚያውቅ ደግሞ ቀረብ ቀረብ እያለ በየ1 እስከ 4 ሳምንት ይጠራል። ለብዙ ሰው ከ2 እስከ 4 ዙር ይበቃል። መሀሉ የሚተወው ያለ ምክንያት አይደለም። የፊቱ ቁስል ሳይድን በላዩ ላይ ቢታሰር ይደማል። በጣም ቢራዘም ደግሞ ያልታሰሩት ደም ስሮች የታሰሩትን ሸክም ጨምረው ይነፋሉ።

ደም ስሮቹ ጠፉ ከተባለ በኋላ የመጀመሪያው መቆጣጠሪያ ከ3 እስከ 6 ወር ውስጥ፣ ከዚያ በየ6 እስከ 12 ወር ነው። ቅድም ልብ በሉ ያልኳችሁ እዚህ ይመጣል። ላስቲኩ ግፊቱን አልቀነሰም። ግፊቱ ካለ ደሙ ሌላ ደም ስር ያሳብጣል። ተመልሰው ይመጣሉ፤ በጊዜ ከታዩ እንደገና ይታሰራሉ።

ደረጃ 8. መድኃኒቱን የልብ ምታችሁን እየቆጠራችሁ ውሰዱ

ካርቬዲሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል ታዞላችሁ ከሆነ በየጠዋቱ ከመዋጣችሁ በፊት ይህን አድርጉ።

ሀ. አምስት ደቂቃ ተቀምጣችሁ እረፉ።
ለ. ሁለት ጣት ከአውራ ጣት በታች የእጅ አንጓ ላይ አድርጉ።
ሐ. ሙሉ 60 ሴኮንድ ቁጠሩ። በ15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ያሳስታል።
መ. ቁጥሩን ጻፉ።

ፕሮፕራኖሎል ሲሆን የሚፈለገው በእረፍት ጊዜ ከ55 እስከ 60 ምት ነው። ከ50 ከወረደ፣ የላይኛው የደም ግፊት ከ90 በታች ከሆነ፣ ስትነሱ የሚያዞራችሁ ከሆነ ወይም ሽንት ከቀነሰ ለሐኪሙ ደውሉ። መጠኑ ይቀነሳል ወይም ለጊዜው ይቆማል። በራሳችሁ ድንገት አታቁሙት። በድንገት ሲቆም ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል፤ የመድማት አደጋውም አብሮት።

ደረጃ 9. ጉበቱን የሚያቆስለውን አቁሙ

አልኮል ዜሮ ይሁን፤ «ትንሽ» የሚባል የለም። ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ ከሆነ መድኃኒቱን ጀምሩ፣ አታቋርጡ። የጉበት ቁስለቱ ሲቆም ግፊቱም ሊቀንስ ይችላል። ማሰር ጊዜ ይገዛል፤ በዚያ ጊዜ የሚሠራው ሥራ ይህ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል የምትሄዱባቸው ምልክቶች

• ደም ማስታወክ፣ ወይም የቡና አተላ የሚመስል ማስታወክ
• እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ወይም ቀይ ደም
• ራስን መሳት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን
• ግራ መጋባት፣ ያለ ወትሮው እንቅልፍ መብዛት
• ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት
• የማይቀንስ የደረት ሕመም ወይም ትንፋሽ ማጠር
• ምራቅ እንኳ አልዋጥ ማለት

ደም እያስታወከ ከሆነ በግራ ጎኑ አስተኙት፤ ደሙ ወደ ሳንባ እንዳይገባ። ምንም አታጠጡት፣ ምንም አታብሉት። ውሃም ወተትም ደሙን አያቆምም፤ ይልቁንም ማስታወኩን ያባብሳል፣ ኢንዶስኮፒውንም ያዘገያል። የጠዋቱን የግፊት መድኃኒት አትስጡት። አንቡላንስ ጥሩ። ደብተሩንና የመድኃኒት ከረጢቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ስትደርሱ «ሲሮሲስ አለበት፣ ቫራይሲስ አለው፣ በዚህ ቀን ታስሯል» በሉ። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰዓት ያተርፋል። ቫራይሲስ መሆኑን ያወቀ ሐኪም ደም ስር የሚያጠብበውን መድኃኒትና አንቲባዮቲኩን ኢንዶስኮፒ ሳይጠብቅ ይጀምራል።

ደሙ ቆመ ብላችሁ ቤት አትቅሩ። ብዙ ጊዜ ለጊዜው ይቆምና እንደገና ይፈነዳል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ሁለተኛውን ቀጠሮ መዝለል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። አንድ ጊዜ ታስሮለት ጠፍቶ፣ ከወራት በኋላ በደም ተነክሮ የመጣ ሰው አይቻለሁ። ሚስቱ «ደህና ነኝ ብሎ ነው» አለችኝ። ደህና ነበር፤ ደም ስሩ ግን አልነበረም።

ሕመሙን በኢቡፕሮፌን ማስታገስ። ቤት ውስጥ ካለ አውጥታችሁ ለሌላ ሰው ስጡት፤ በለሊት እንቅልፍ ሲያሳጣችሁ እንዳታገኙት።

መድኃኒቱንና ማሰሩን እንደ አማራጭ ማየት። «ታስሯልና ፕሮፕራኖሎሉን ተውኩት» አይሠራም። ሐኪሙ አቁም ካላለ ይቀጥላል።

በሦስተኛው ቀን ወደ ጠንካራ ምግብ መመለስ። ሕመሙ መጥፋቱ ቁስሉ መዳኑን አያሳይም።

ሪፖርቱን መጣል። ሌላ ሐኪም ጋር ስትሄዱ የደም ስሩ መጠን ካልታወቀ ሥራው ከዜሮ ይጀምራል።

ለቤተሰብ አለመንገር። ደም በለሊት ቢመጣ የሚያነሳችሁ አጠገባችሁ የሚተኛው ሰው ነው። ልጆችም ቢሆኑ አንቡላንስ የሚጠራበትን ቁጥርና ወረቀቱ የተለጠፈበትን ቦታ ይወቁ። ዛሬ ማታ አሳዩአቸው።